የሊዮን ምሳ በቀራንዮ

አየለ ከፈረንሳይ አገር በተመለሰ በሳምንቱ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሁለት እጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ምሳ መጠበቅ ጀመረ።

«እጅ ከጠረጴዛ በታች አይገባም» አለ አየለ። «በሊዮን ከተማ እጅህን ጭንህ ላይ ደብቀህ ከተቀመጥክ፣ ይሄ ሰው ምን እየሠራ ነው ብለው ይጠረጥሩሃል።»

ታናሽ እህቱ የኔነሽ እንደታዘዘችው እጆቿን ዘርግታ የወንድሟን ፊት ስታጠና ቆየች። ፊቱ ያው የጋሼ አየለ ፊት ነው። ድምፁም ያው ነው። ግን የሆነ ነገር ተለውጧል፤ ሰውየው ብርቱካን በሹካና በቢላዋ እየላጠ ነበር።

ከመሄዱ በፊት እንዲህ አልነበረም። ቀራንዮ ሰፈር አየለን የሚያውቀው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና መኪና ጠጋኝ ሆኖ፣ ከቱታው ላይ ዘይት ሳይጠፋ፣ ከጎረቤት ጋር አንድ ትሪ ከብቦ ሲበላ ነው። ፋብሪካው አዳዲስ መኪናዎች ሲያስመጣ አያያዛቸውን እንዲማር ብሎ ሊዮን ላከው፤ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተመለሰ። መኪናዎቹን በደንብ ተምሯል፤ ይህን ማንም አልካደበትም። ልቡን የወሰደው ግን መኪናው ሳይሆን፣ ክፍል ያከራዩት የነበሩት ባልቴት፣ የማዳም ቡሼ የምግብ ጠረጴዛ ነበር።

ከሥራ ሲመለስ ጎረቤቱ ወሬ ሊሰማ ይሰበሰባል።

«እዚያ» ይላል አየለ እግሩን አነባብሮ «ልክ ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ከተማው ጥርቅም ይላል። ልብስ ሰፊው ይዘጋል፣ ፀጉር አስተካካዩ ይዘጋል፣ መድኃኒት ቤቱ ሳይቀር ይዘጋል። ሕዝቡ ምሳ ሊበላ ገባ ማለት ነው።»

«የታመመ ሰውስ?» ትላለች ጎረቤታቸው ከበደች። ከበደች ግድግዳ ለግድግዳ የምትኖር፣ ያልጠየቀችው ጥያቄ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ሴት ነበረች።

«የታመመውም ምሳ እየበላ ነዋ!»

«ይሁን። ዳቦውስ?»

«ዳቦው እንደ ክንድ ይረዝማል። ሳይጠቀልሉ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ማዕድ ላይ ደግሞ ሳህን ውስጥ አይቀመጥም፤ እዚያው የጠረጴዛ ልብሱ ላይ ነው።»

«ብብታቸው ሥር?» አለች የአየለ ሚስት ዘመነች፣ የምትለቅመውን ምስር ትታ ቀና ብላ። ዘመነች ቃል የማታበዛ ሴት ናት፤ ከባሏ አፍ የሚወጣውን ወሬ እንደ ምስሩ እየለቀመች ነበር የምትሰማው።

«ብብታቸው ሥር። ምግብ ቤት ሲሄዱም ውሻቸውን ይዘው ይገባሉ። ውሻው ጠረጴዛ ሥር ይተኛል፣ ማንም ውጣ አይለውም።»

ከበደች አማተበች። ከዚያ ፊቷ በራ። «ገባኝ! እጅ ከጠረጴዛ በታች አይገባም ያልከን ለካ ውሻው እንዳይነክስ ነው!»

የኔነሽ በሳቅ ወደቀች። አየለ ግን አልሳቀም። ስለ ሊዮን ሲወራ አይስቅም ነበር።

የኔነሽ የፈረንሳይ ወሬ ቢያስቃትም ሐሳቧ ሌላ ጋ ነው። ደጃፉ ላይ ባኖረቻት የስፌት መኪና የሰፈሩን ልብስ ትሰፋለች። ባለፈው ክረምት ወልደጊዮርጊስ የሚባል፣ ሴይቼንቶ የምትባለውን ትንሽ ታክሲ የሚነዳ ሰው የመኪናውን ወንበር ልብስ ሊያሰፋ መጣ። ሰፋችለት። ብዙም ሳይቆይ ያው ወንበር እንደገና ተቀደደ። አሁንም ሰፋችለት፤ አሁንም ተቀደደ። አንድ ቀን ቅዱን አገላብጣ ስታየው በምላጭ የተቆረጠ መሆኑ ገባት። እሷም ከዚያ ወዲያ ስፌቱን ላላ አድርጋ ሰፋችው።

ነገሩ እዚህ ከደረሰ በኋላ ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር የቀረው። እናትና አባታቸው አርፈዋልና የአባት ቦታ የያዘው አየለ ነው። ወልደጊዮርጊስ አየለ ከባሕር ማዶ እስኪመለስ ጠብቆ ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠየቁ፤ እንደ ወጉ አየለ «ልምከርበት» አለ፤ እንደ ወጉ ቀጠሮ ሰጠ። የጥቅምት መጨረሻ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ።

እንግዶቹ እንደወጡ የኔነሽ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ልጁ ደግ ልጅ ነው» አላት አየለ። «እሺ እላቸዋለሁ። ግን በደረቁ አይደለም። በምሳ ነው የምነግራቸው።»

የኔነሽ ዘላ ጉልበቱን ልትስም ስትል እጁን ከፍ አደረገ።

«በአምስት ሳህን» አለ። «ማዳም ቡሼ ልጃቸውን የዳሩ ጊዜ የአማቾቻቸውን ዘመዶች በአምስት ሳህን ነው ያበሉት። ሾርባ፣ ከሾርባው ቀጥሎ ዶሮ፣ ከዶሮው ቀጥሎ ሰላጣ፣ ከሰላጣው ቀጥሎ ፎርማጆ፣ የፈረንጅ አይብ ማለት ነው፣ በመጨረሻ ፍራፍሬ። አንዱ ሳይነሣ ሌላው አይመጣም። እንግዳህን ምን ያህል እንዳከበርከው የሚያውቀው በሳህኑ ብዛት ነው።»

«አንዱን ሳህን ሞልቶ መስጠት አይሻልም?» አለች ዘመነች።

የዚያን ሰሞን አየለ እረፍት አልነበረውም። የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ሄዶ ዳቦውን እንደ ክንድ አርዝምልኝ ሲለው፣ ጋጋሪው መጋገሪያዬ ውስጥ አይገባም አለ፤ አየለ በሰያፍ አስገባው አለ፤ ተጨቃጨቁ፤ መጨረሻ ላይ ጋጋሪው አራት ረጃጅም ዳቦዎች ጋገረለት፣ ሁሉም ጫፋቸው እንደ ከዘራ የቆለመመ። ወይን ጠጁን ፒያሳ ካለ የግሪኮች ግሮሰሪ አመጣ። ፎርማጆው አስቀድሞም ቤት ውስጥ ነበር። ማዳም ቡሼ ሲሸኙት በእንጨት ሣጥን የሰጡት ነው፤ እሱም ሻንጣው ውስጥ ልብሱ መሐል ሸሽጎት ነበር። ዘመነች አይጥ የሞተ መስሏት አልጋውን ሁለት ጊዜ አንቀሳቅሳ ወለሉን በአመድ ፈትጋዋለች።

ለዶሮዋ ደግሞ ሌላ ፍልሚያ ነበር።

«በርበሬ አይገባባትም» አለ አየለ። «በወይን ጠጅ ነው የምትበስለው።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ዘመነች ድስቱ ውስጥ የተኛችውን ዶሮ አየቻት። «ራቁቷን ሰው ፊት ትውጣ?» አለች። ባሏ ዞር ሲል ሁለት ማንኪያ በርበሬና አንድ ጭልፋ ንጥር ቅቤ ጣል አደረገችባት። የኔነሽ አይታለች፤ ግን ያላየች መሰለች።

እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አስቀድሰው፣ ካለፈው ምሽት ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ በቀጥታ መጡ። ፊት ፊት የሚሄዱት አቶ ወዬሳ ናቸው፤ የእህል ነጋዴ፣ ቁመተ ረጅም፣ ከሚናገሩት ቃል ሁሉ በኋላ ከዘራቸውን መሬት የሚመቱ። ሁለተኛው የወልደጊዮርጊስ አጎት አቶ ፀሐዬ ናቸው። ሉካንዳ ቤት አላቸው፤ የሰው ሠርግ ላይ የተቀመጡበት ጥግ ምግብ ቶሎ ያልቃል ይባላል። ሦስተኛው አባባ ተክለሃይማኖት፣ ምርቃታቸው ይደርሳል የሚባልላቸው፣ ጆሯቸው ግን የደከመ አዛውንት ነበሩ። ወልደጊዮርጊስ ራሱ በወጉ መሠረት ቤት አልገባም፤ ሽማግሌዎቹን ሊመልስ ታክሲውን አጥቦ ወልውሎ ከመንገዱ ዳር ባሕር ዛፉ ሥር አቁሟል።

የኔነሽም በወጉ መሠረት መታየት የለባትም። በሳሎኑና በጓዳው መሐል ያለው መጋረጃ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው፤ ልብስ ሰፊ ሆና ያን ቀዳዳ እስከዛሬ ያልደፈነችው በምክንያት ነው።

አየለ ከረቫት አስሮ ቆሟል። በትንንሽ ብርጭቆዎች ቬርሙት የሚባል መጠጥ አሳያቸው እንጂ አጠጣቸው ለማለት ያስቸግራል፤ ከዚያ እጆቹን ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣

«ቦናፔቲ!» አለ።

አባባ ተክለሃይማኖት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ቦምብ አለ?»

«ኧረ አይደለም አባባ! መልካም ምግብ ማለት ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አሉ አቶ ፀሐዬ ቀሚስ እንደሚጎትት ሕፃን ጋቢያቸውን እየሳቡ። አዛውንቱ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ግን በር በሩን ያይ ነበር።

ሾርባው ገባ። የሽንኩርት ሾርባ ነው፣ በላዩ የተጠበሰ ዳቦ የተንሳፈፈበት፤ እንፋሎቱ ጣሪያ ይነካል። አየለ ጭልፋውን ከፍ አድርጎ በትሕትና ጎንበስ አለ።

«አቶ ወዬሳ፣ ሾርባ ይፈልጋሉ?»

አቶ ወዬሳ የተከበረ ሰው የሚለውን አሉ። «ተወው ልጄ፣ አትቸገር። በልተን ነው የመጣነው።»

«እንደ ፈቃድዎ» አለ አየለ። ጭልፋውን ይዞ ወደ አቶ ፀሐዬ ዞረ።

አቶ ወዬሳ ወጉን ለመቀጠል አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ገና «በሞቴ» ሊባሉ፣ ገና «ኧረ በቃኝ» ሊሉ፣ ገና «ካልበሉልኝ አኮርፋለሁ» ሊባሉ፣ ከዚያ ተሸንፈው «እሺ ትንሽ፣ ለወጉ ያህል» ሊሉ ነበር እኮ! አቶ ፀሐዬም «እኛ ምግብ አጣን ብለን መጣን?» አሉ፤ አየለ «እንደ ፈቃድዎ» አላቸው። አባባ ተክለሃይማኖት ምን እንደተባሉ ስላልሰሙ እጃቸውን ብቻ ወዘወዙ። ሾርባው እንደገባ ወጣ። የአቶ ፀሐዬ ዓይን እስከ መጋረጃው ድረስ ሸኘው።

ጓዳ ውስጥ የኔነሽ ወንድሟን በክንዱ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግህ ነው? ለምን አትለምናቸውም?»

«ጠየቅኋቸው እኮ። አንፈልግም አሉ።»

«እየተግደረደሩ ነዋ!»

«አውቃለሁ» አለ አየለ ረጋ ብሎ። «እኔም ማዳም ቡሼ ቤት የገባሁ ሰሞን ተግደርድሬያለሁ። ትበላለህ ሲሉኝ፣ ሜርሲ፣ በቃኝ አልኩና እስኪለምኑኝ ጠበቅሁ። ሳህኑን አነሱት። በማግስቱም እንደዚያው። ያን ሰሞን አልጋዬ ላይ እየተገላበጥሁ በረሃብ አለቀስሁ። ከዚያ ተማርሁ። እነሱም ይማራሉ።»

«የሚማሩት በእኔ ጋብቻ ነው?»

«አልፈልግም ያለህን ሰው አይፈልግም ብለህ ማመን እኮ ትልቅ ክብር ነው የኔነሽ!»

«አንተ ስትራብ ክብሩ ተሰምቶህ ነበር?» አለች ዘመነች ከምድጃው አጠገብ።

አየለ ከረቫቱን አስተካክሎ የዶሮውን ድስት አነሣ።

ዶሮዋ ስትገባ መዓዛዋ ሳሎኑን ሞላው። ወይን ጠጁ፣ ቅቤው፣ ሽንኩርቱ፣ ከሥርም አየለ ያላወቀው በርበሬ። አቶ ወዬሳ ከዘራቸውን ጨበጡ። የአቶ ፀሐዬ ሆድ ጮኸ፤ የኔነሽ መጋረጃ ጀርባ ሆና ሰምታዋለች፤ አባባ ተክለሃይማኖትም ሰምተው «ማነው የተናገረው?» አሉ።

«አቶ ፀሐዬ፣ ዶሮ ይፈልጋሉ?»

አቶ ፀሐዬ ከገዛ ሆዳቸው ጋር ታገሉ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ የእህታቸውን ልጅ ጉዳይ ይዘው የመጡ ናቸው፤ ሆዳም ሽማግሌ ላኩ እንዲባል አይፈልጉም። «ኧረ… ተወው… ይቅርብኝ…» አሉ በቀጭን ድምፅ። አፋቸው ይቅርብኝ ሲል እጃቸው ወደ ሳህኑ አንድ ስንዝር ሄዶ ነበር። አየለ ያመነው አፋቸውን ነው። ድስቱ ተመለሰ።

ቀጥሎ ሰላጣ መጣ፤ ቅጠሉ ብቻውን፣ በዘይትና በኮምጣጤ። ይህን ሦስቱም ከልባቸው እምቢ አሉ።

ጓዳ ውስጥ ከበደች ለመርዳት ብላ መጥታ፣ የተመለሰውን ሾርባ በማንኪያ እየቀመሰች ነበር። «ይሄ እኮ ኃጢአት ነው» ትላለች በየጉርሻው መሐል። «እንዴት ያለ ሾርባ! ኃጢአት ነው!» የኔነሽ ግን ዓይኗን ከቀዳዳው አልነቀለችም። አየለ ቀጣዩን ሊያመጣ ሲወጣ አቶ ፀሐዬ ወደ ሁለቱ ዘንበል ሲሉ አየች።

«ስሙኝ» አሉ በሹክሹክታ። «ይሄ ልጅ እምቢ ያልነውን ሁሉ ይወስዳል። ከእንግዲህ ምንም ይምጣ ምንም፣ በአንድ አፍ እሺ እንበል።»

«ምን?» አሉ አባባ ተክለሃይማኖት።

«እሺ ይበሉ!»

«እሺ!» ብለው ጮኹ አዛውንቱ።

የኔነሽ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቃለች። «ጋሼ፣ ፎርማጆውን ተወው፣ ዶሮውን መልስ!» ብላ ልትይዘው ዞረች፤ አየለ ግን በሌላው በር አልፎ፣ የእንጨት ሣጥኑን እንደ ታቦት ከፍ አድርጎ ይዞ ሳሎን ገብቶ ነበር።

ክዳኑን ከፈተ።

አቶ ወዬሳ ጫማቸውን ከፍ አድርገው ከሥሩ አዩ። ምንም አልነበረም። ቀጥሎ የአቶ ፀሐዬን ጫማ አዩ።

«ይሄ» አለ አየለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ «ከሊዮን እጅግ ለምወደው እንግዳ ይዤው የመጣሁት ነው። ይፈልጋሉ?»

ሦስቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። ቃል ቃል ነው።

«እሺ» አሉ በአንድ አፍ።

የአየለ ዓይን እንባ አቀረረ። እንደ ማር የሚዝለገለገውን ነገር በቢላዋ እየቆረጠ በየሳህኑ አኖረላቸው። አቶ ወዬሳ ሳይተነፍሱ ዋጡት፤ ካወረዱት በኋላም ብዙ ጊዜ አልተነፈሱም። አቶ ፀሐዬ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሉካንዳ ቤታቸው ውስጥ የተሰቀለውን ብልት እያሰቡ አላመጡ፤ በግራ ጉንጫቸው እንባ ወረደ። አባባ ተክለሃይማኖት ግን ቀስ ብለው አጣጣሙት፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ላይ አዞሩ፣ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ።

«ጥሩ አይብ ነው» አሉ። «ድገመኝ።»

የኔነሽ መጋረጃ ጀርባ «ተመስገን!» አለች። አንድ ሽማግሌ በገዛ አፉ ድገመኝ አለ! ነገሩ ተቃና!

አየለ ግን ክዳኑን ገጠመ። «ይቅርታ አባባ» አለ፣ ከልቡ አዝኖ። «ፎርማጆ ሁለቴ አይዞርም። በሊዮን ነውር ነው።»

አቶ ወዬሳ ከዘራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ገባን» አሉ፤ ከዘራውን መቱ።

«ምኑ ነው የገባዎት?»

«መልሱ» አሉ፤ ከዘራውን መቱ። «እኛ ሞኞች አይደለንም። ሰው አልሰጥም ለማለት ሲያፍር በነገር ይናገራል፤ አንተ በሳህን ተናገርህ። እያሳየህ ነፈግኸን። የሰማንያ ዓመት አዛውንት ድገመኝ ብለው ሲለምኑ ክዳን ገጠምህባቸው። እግዜር ይስጥልን።»

«ኧረ ገና ፍራፍሬው…» አለ አየለ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። አየለ በአንድ እጁ ብርቱካን፣ በሌላው ሹካ ይዞ ሳሎኑ መሐል ቆሞ ቀረ።

የኔነሽ ያን ጊዜ ያደረገችውን አስባ አላደረገችም። የዶሮውን ድስት በጨርቅ ይዛ፣ ነጠላዋን ሳትደርብ፣ በጓዳው በር ወጥታ ሮጠች። ከኋላዋ ከበደች «ኧረ ልጅቷ! ሽማግሌ እያያት!» ስትል ይሰማታል። የባሕር ዛፉ አጥር ሥር ስትደርስ ሽማግሌዎቹ ሴይቼንቶዋ ውስጥ እርስ በርስ ተጠቅጥቀው ገብተዋል፤ አቶ ወዬሳ ከፊት ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ሆኖ፣ ሁለቱ ከኋላ። ወልደጊዮርጊስ ሞተሩን አስነሥቶ «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለ ይጠይቃል፣ አቶ ፀሐዬ «መጀመሪያ ዳቦ ካለህ ተናገር» ይላሉ።

የኔነሽ መንገዱ መሐል መኪናዋ ፊት ቆመች። ወልደጊዮርጊስ ፍሬን ያዘ። አፉን ከፍቶ ያያታል፤ ከነድስቷ፣ ፀጉሯ ተበትኖ።

በአቶ ወዬሳ በኩል ወዳለው መስኮት ዞረች። «አባባ» አለች እያለከለከች «በሞቴ! አፈር ስሆን! ትንሽ ቅመሱልኝ!»

አቶ ወዬሳ ከልጅነት የለመደባቸው ነውና «ኧረ ልጄ፣ በልተን ነው የመጣ…» ብለው ሲጀምሩ፣ ከኋላ ወንበር የአቶ ፀሐዬ ሰፊ መዳፍ መጥቶ አፋቸውን ገጠመው።

«ክፈቺ ልጄ!» አሉ አቶ ፀሐዬ። «ድስቱን ክፈቺ!»

ከፈተች። መዳፉ ከአቶ ወዬሳ አፍ የተነሣው ጉርሻ ሲደርስ ብቻ ነው። በመስኮቱ ታጎርሳለች፤ አንድ ለአቶ ወዬሳ፣ አንድ ክንዷን ዘርግታ ወደ ኋላ፣ አንድ ለአባባ ተክለሃይማኖት። አዛውንቱ ይህንንም «ጥሩ አይብ ነው» አሉ። ወልደጊዮርጊስም መሪውን ይዞ አፉን ከፈተ፤ «አንተ ቆይ፣ ገና አልተሰጠህም» አሉት አጎቱ።

በዚህ መሐል አየለ ደረሰ። ቆልማማ ዳቦዎቹን በሁለቱም ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ሹካዎቹን በእጁ እንደ አበባ ይዞ፣ ከረቫቱ ትከሻው ላይ ተገልብጦ። «ሹካ! ሹካ ይዣለሁ!» እያለ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። የሚቀበለው ሲያጣ ቆመ። በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ። አቶ ፀሐዬ የዶሮዋን እግር ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ወዙ በክንዳቸው ይወርዳል፤ አቶ ወዬሳ ከዘራቸውን ረስተው መኪናው ወለል ላይ ጥለውታል።

የኔነሽ ቀና ብላ አየችው። አየለ ሹካዎቹን ኪሱ ከተተ። አንዱን ዳቦ በእጁ ቆርሶ፣ መረቁ ውስጥ ጠቅሶ፣ በመስኮቱ ዘረጋ።

«አቶ ወዬሳ» አለ ድምፁ እየሰለለ። «በሞቴ።»

«ኧረ በቃኝ» አሉ አቶ ወዬሳ።

«በሞቴ አልሁ! በአባቴ አጥንት! ካልበሉልኝ አኮርፋለሁ!»

«እሺ፣ ትንሽ፣ ለወጉ ያህል» አሉ አቶ ወዬሳ፤ ፊታቸው በደስታ ወለል አለ።

ከዚያ በኋላ አየለን የሚያስቆመው ጠፋ። ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን በሞቴ በአንድ ቀን አወጣው። ከኋላቸው አውቶቡስ መጥቶ መንገዱ ተዘግቶበት ጥሩምባውን ይነፋል፤ አየለ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሮጦ «በሞቴ!» ብሎ ዳቦ ሰጠው፤ ጥሩምባው ቆመ። ተሳፋሪው ምን ሆነ ብሎ ወረደ።

አቶ ወዬሳ ድስቱን ከየኔነሽ ተቀብለው ወደ ኋላ ለአቶ ፀሐዬ አቀበሉና፣ አፋቸውን ጠርገው ጭንቅላታቸውን በመስኮቱ አወጡ።

«አቶ አየለ፣ አሁን ነፍሴ ተመልሳለችና ልጠይቅህ። ልጅቷን ሰጠኸን ወይስ ከለከልኸን?»

«ማን ከለከለ?» አለ አየለ። «ለከለከልሁት ሰው ከዳቦ ጋጋሪ ጋር እጣላለሁ? ለከለከልሁት ሰው ያን ፎርማጆ አወጣለሁ?»

«እኛ እኮ ፎርማጆው ራሱ ክልከላው መስሎን ነበር» አሉ አቶ ፀሐዬ።

«ሰጥቻለሁ! ከመጀመሪያው ሰጥቻለሁ! ሠርጉም ጥር ላይ ይሁን!»

ወልደጊዮርጊስ ከደስታው ብዛት እግሩን ከፍሬን ላይ አነሣ፤ ሴይቼንቶዋ ሽማግሌዎቹን እንደያዘች ቁልቁለቱን መንሸራተት ጀመረች፣ ተሳፋሪው እየሮጠ በእጁ ያዛት። አባባ ተክለሃይማኖት የመኪናውን መንሸራተት የምርቃት ምልክት አድርገው ሳይቆጥሩት አልቀሩም፣ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ምርቃቱን ጀመሩት። ውለዱ፣ ክበዱ፣ ማዕዳችሁ አይጉደል፣ እንግዳ አይጥፋባችሁ። መኪናዋን የያዘው የአውቶቡስ ሕዝብ እጁን ሳይለቅ በየቃሉ «አሜን!» ይላል፤ ትኬት ቆራጩ ጭምር።

የኔነሽ ነጠላ አለመልበሷን ያስታወሰችው ያን ጊዜ ነው። ወልደጊዮርጊስ በመስኮቱ እያያት ነበር፤ አገጩ ላይ አጎቱ ያየበት የማይመስል የመረቅ ጠብታ አለ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና፣ እየሳቀች፣ በአጥሩ ጥግ ጥግ ወደ ቤት ሮጠች።

ዘመነችና ከበደች ጓዳ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሾርባውን እየጨረሱ ነበር።

«እህስ?» አለች ዘመነች ማንኪያዋን አንጠልጥላ።

«ሠርጉ ጥር ላይ ነው» አለች የኔነሽ።

«እሰይ። ዶሮዬስ?»

«አለቀች።»

ዘመነች ራሷን ነቀነቀች፤ ፈገግታዋን ሾርባው ውስጥ ደበቀች። «ድስቱስ?»

የኔነሽ ባዶ እጆቿን አየች። «ታክሲው ውስጥ ቀረ» አለች።